ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን ለምን ያህል ጊዜ ይይዛል?

በክረምት ሌሊት፣ ድቅድቅ ባለ ጨለማ፣ መብረቅ ብልጭ ሲል ያላየ ገበሬ የለም። ብልጭታው የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ግቢው፣ አጥሩ፣ በረቱና በበረቱ ያሉት ከብቶች ሁሉ እንደ ቀን ወለል ብለው ይታያሉ። ብልጭታው ከጠፋ በኋላም ሥዕሉ ወዲያውኑ አይጠፋም፤ ለጥቂት ፊታችን ላይ ይቆይና ይከስማል።

ታዲያ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «በረቱ ውስጥ ስንት ከብት ነበር? የትኛው ቆሞ፣ የትኛው ተኝቶ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ሁለቱን ሦስቱን እንደ ተናገርን የቀረው ይሰወርብናል። «ሁሉንም አይቼ ነበር፤ ልናገር ስል ጠፋብኝ» እንላለን።

ይህ አነጋገር እውነት ነው ወይስ ሰበብ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሳይንስ ሰዎችን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያመራምር የኖረ ነው። ለእኛም ከመብረቁና ከከብቱ የሚያልፍ ጉዳይ አለው። ምክንያቱም በጎልማሳነቱ ፊደል የሚቆጥር ሰው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የሚለው። «ፊደሉን አይቼው ነበር፤ ዞር ስል ጠፋብኝ፤ እንግዲህ ጭንቅላቴ አርጅቷል፤ አይዝም» ይልና ደብተሩን አጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የነገሩን ሥር መመርመር ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚሽከረከረው ፍም

ልጆች ማታ በእሳት ዳር ሲጫወቱ ጫፉ የጋመ እንጨት ከምድጃ ይስቡና በጨለማ ያሽከረክሩታል። ከሩቅ ለሚያየው የእሳት ቀለበት ይመስላል። እውነቱን ካየነው ግን ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ያለው አንድ ፍም ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። ቀለበቱን የሠሩት ዓይናችንና አእምሮአችን ናቸው። ፍሙ ያለፈበትን ቦታ ሥዕል ገና ሳይለቁት ፍሙ ዞሮ እዚያው ይደርሳልና።

ይህን የልጆች ጨዋታ ለሳይንስ መለኪያ ያደረገው ዮሐን አንድርያስ ዜግነር የተባለ ምሁር ነው። ዜግነር በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ ያስተምር ነበር። በ1740 የጋለ ፍም በመንኮራኩር ላይ አሥሮ አሽከረከረ። መንኮራኩሩ ዝግ ሲል የሚታየው የተቆረጠ ቀለበት ነው፤ ሲፈጥን ደግሞ ቀለበቱ ይገጥማል። ዜግነር ቀለበቱ ሳይቋረጥ የሚታየው መንኮራኩሩ አንዱን ዙር በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ሲጨርስ መሆኑን ተረዳ። እንግዲያው ዓይን ያየውን ሥዕል፣ ነገሩ ካለፈ በኋላም፣ ይህን ያህል ጊዜ ይዞ ያቆያል ማለት ነው። በ1765 ደግሞ ትውልዱ ከአየርላንድ የሆነው ፓትሪክ ዳርሲ ፈረንሳይ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ 0.13 ሴኮንድ የሚል ልክ አገኘ። የሁለቱ ልክ በጣም ተቀራራቢ ነው።

ፊልም ስናይ የሚሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጋረጃው ላይ የሚታየው በአንድ ሴኮንድ 24 የቆሙ ሥዕሎች ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ ግን ዓይናችን አይለየውም። እርግጥ ሥዕሎቹ ሲንቀሳቀሱ እንዲታዩን የሚያደርግ ሌላም የአእምሮ ሥራ አለ፤ የዓይን መያዝ ብቻውን አይበቃም። ቢሆንም ዓይን ያየውን እዚያው ጥሎ እንደማይሄድ ፊልሙም ፍሙም ይመሰክራሉ።

አሥራ ሁለት ፊደላትና ሦስት ድምፆች

የሥዕሉ መቆየት ከታወቀ ዘንድ ቀጣዩ ጥያቄ «ስንት ነገር ይይዛል?» የሚለው ነው። ይህን በብልሃት የመለሰው አሜሪካዊው ጆርጅ ስፐርሊንግ ነው። ስፐርሊንግ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕረግ ሲጠና የሠራውን ምርምር በ1960 አሳተመ።

ሙከራው እንዲህ ነበር። 12 የላቲን ፊደላት በሦስት መሥመር፣ በእያንዳንዱ መሥመር አራት አራት ሆነው ተጻፉ። ከዚያ ለተመልካቹ ለሴኮንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ታይተው ተሰወሩ። «ያየኸውን ሁሉ ጻፍ» ሲባል ሰዎቹ የሚጽፉት አራት፣ ቢበዛ አምስት ፊደል ነው። «ሌሎቹንስ?» ሲባሉ «አይተናቸው ነበር፤ እነዚህን ስንጽፍ ጠፉ» ይላሉ። ልክ እንደ መብረቁና እንደ ከብቶቹ ማለት ነው።

ስፐርሊንግ ይህን ቃላቸውን አልናቀውም። ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ፊደላቱ ከተሰወሩ በኋላ አንድ ድምፅ እንዲሰማ አደረገ። ድምፁ ቀጭን ከሆነ የላይኛውን መሥመር፣ መካከለኛ ከሆነ የመካከለኛውን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ብቻ መጻፍ ነው። ሰውየው የትኛው መሥመር እንደሚጠየቅ አስቀድሞ አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊደላቱ ከጠፉ በኋላ ነው። ይህም ሆኖ ከተጠየቀው መሥመር ከአራቱ ሦስት ያህሉን ትክክል ይጽፍ ነበር።

የዚህን ትርጉም እህል ነጋዴ ወዲያው ይገባዋል። ነጋዴ የጆንያውን እህል ለማወቅ ሁሉንም አይዘረግፍም፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች እያወጣ ያያል። ከየትም ቢያወጣ ጥሩ ከሆነ ጆንያው ሙሉ በሙሉ ጥሩ ነው ይላል። እዚህም ከየትኛውም መሥመር ሦስት ፊደል ማውጣት ከተቻለ፣ ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት ከ12ቱ 9 ያህሉ በሰውየው አእምሮ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ስፐርሊንግ ቀጠለና ድምፁን ማዘግየት ጀመረ። ድምፁ በዘገየ ቁጥር ውጤቱ እየወረደ ሄደ። ድምፁ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ሲዘገይ ጥቅሙ ሁሉ አለቀ፤ ሰውየው ወደዚያችው ወደ አራቷ ፊደል ተመለሰ። ስለዚህ «ሁሉንም አይቼ ነበር፤ ልናገር ስል ጠፋብኝ» ማለት ሰበብ ሳይሆን እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። ዓይን ብዙ ያያል፤ ያየውን ግን ከአንድ ሴኮንድ በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ይለቃል።

በ1961 አቨርባክና ኮርየል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩበት። ፊደሉ ከጠፋ በኋላ በነበረበት ቦታ ላይ ወዲያው ክብ ምልክት ቢታይ፣ ክቡ የፊደሉን ሥዕል ይደመስሰዋል። አዲሱ ሥዕል በአሮጌው ላይ ሲመጣ አሮጌው ጊዜው ሳይደርስ ይጠፋል ማለት ነው። ይህችን ነገር አስተማሪዎች በተለይ ይያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ዓውድማ፣ እፍኝ፣ ጎተራ

በ1968 ሪቻርድ አትኪንሰንና ሪቻርድ ሺፍሪን የተባሉ ሊቃውንት የሰውን የማስታወስ ችሎታ በሦስት ክፍል አስቀመጡት። እኛ በገበሬ ቋንቋ ብንናገረው ዓውድማ፣ እፍኝና ጎተራ ልንላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ክፍል ዓውድማው ነው። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ ቆዳ የዳሰሰው ሁሉ ሳይመረጥ እዚህ ይወድቃል። ሰፊ ነው፤ ብዙ ይይዛል። ነገር ግን ነፋስ የሚነፍስበት ዓውድማ ነው፤ ያልታፈሰው ወዲያው ይበናል።

ሁለተኛው እፍኝ ነው። ከዓውድማው ላይ ልብ ብለን የምናነሣው ወደ እፍኛችን ይገባል። እፍኝ ደግሞ ልክ አለው። ጆርጅ ሚለር በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 ሌሎች እርዳታዎች ሲቀነሱ ልኩ ወደ አራት እንደሚጠጋ አሳየ። የስፐርሊንግ ተመልካቾች አራት ፊደል ላይ የቆሙትም በዚሁ በእፍኙ ጥበት ነው። እፍኝ የያዘውም ቢሆን ካልደጋገሙት ይፈሳል። ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን በ1959 ሰዎችን ሦስት ፊደል ብቻ አስያዟቸው፤ ፊደሎቹን በልባቸው እንዳይደጋግሙም ቁጥር በሦስት በሦስት እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ አደረጓቸው። ከ18 ሴኮንድ በኋላ ሦስቱ ፊደላት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጠፍተው ተገኙ። ሦስት ፊደል ብቻ! ያውም የተማሩ ሰዎች!

ሦስተኛው ጎተራ ነው። በድግግሞሽና በትርጉም ተጠቅጥቆ የገባ እውቀት ለዓመታት ይቀመጣል። የእናት ድምፅ፣ የበሬ ስም፣ የእርሻ ድንበር፣ የጸሎት ቃል ሁሉ በጎተራው ያለ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዓውድማው ወደ እፍኝ የሚያሻግረው ልብ ማለት ነው። ከእፍኝ ወደ ጎተራ የሚያሻግረው ደግሞ መደጋገምና ማስተዋል ነው። «አይዝም» የሚባል ጭንቅላት የለም፤ ያልታፈሰና ያልተከተተ እህል ነው ያለው።

የጆሮ ገደል ማሚቶ

ጆሮም እንደ ዓይን የራሱ ዓውድማ አለው። በ1967 ኡልሪክ ናይሰር የተባለ አሜሪካዊ ለሁለቱም ስም አወጣላቸው። የዓይኑን «አይኮኒክ» አለው፤ ቃሉ ሥዕል ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የጆሮውን «ኤኮይክ» አለው፤ እኛ ገደል ማሚቶ የምንለው ማለት ነው። ስሙ ጥሩ ነው። በገደል ፊት የጮኸ ሰው ድምፁ ካለቀ በኋላም ድምፁን ይሰማ የለም? ጆሮአችን ውስጥም እንዲህ ያለች ትንሽ ገደል አለች።

ለምሳሌ አንድ ሰው አጥር እያጠረ ሳለ ጎረቤቱ በመንገድ ሲያልፍ «ነገ ደቦው ወደ እኛ ነው» ይለዋል። ሰውየው ሐሳቡ በሥራው ላይ ነውና «ምን አልከኝ?» ይላል። ጎረቤቱ ሊደግምለት አፉን ሳይከፍት ግን «እህ፣ ደቦው! እሺ እመጣለሁ» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ቃሉን ሲነገር አልሰማውም ነበር፤ የሰማው ከገደል ማሚቶው ላይ ነው።

የጆሮ መያዝ ከዓይን ይረዝማል። በ1972 ዳርዊን፣ ተርቪና ክራውደር የተባሉ ተመራማሪዎች የስፐርሊንግን ሙከራ ለጆሮ አደረጉት። በግራ፣ በቀኝና በመካከል ሦስት የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ እንዲሰሙ አድርገው፣ ከዚያ የአንዱን ወገን ብቻ ጠየቁ። የሰማነው ድምፅ ከሁለት እስከ አራት ሴኮንድ ያህል እንደሚቆይ ከውጤቱ ታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይን የረሳውን መልሶ ሊያይ ይችላል፤ ግንዱም ድንጋዩም እዚያው ቆሟል። ንግግር ግን ያልፋል። «ሰ» ሲባል ጆሮ ካልያዘው «ላም» ሲደርስ «ሰላም» የሚባል ቃል አይኖርም።

ጆሮ ሁሉንም ቢቀበልም ሁሉንም አናዳምጥም። እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ በ1953 ለሰዎች በግራና በቀኝ ጆሮአቸው ሁለት የተለያዩ ንግግሮች አሰምቶ አንዱን ብቻ እየተከተሉ እንዲደግሙ አደረገ። ከሌላው ንግግር የያዙት የለም ማለት ይቻላል፤ የተናጋሪው ድምፅ ከወንድ ወደ ሴት ሲለወጥ ግን ይታወቃቸው ነበር። በ1959 ደግሞ ኔቪል ሞሬይ በማይደመጠው ወገን የሰውየውን ስም ቢያስገባበት ከሦስቱ አንዱ ያህል ስሙን ሰማ። ገበያ መካከል፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ፣ ስማችን ሲጠራ ቀና የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ክራውደርና ሞርተን በ1969 እንዳሳዩት ተከታታይ ቁጥሮች በቃል ሲነገሩን በደንብ የምንይዘው የመጨረሻውን ነው፤ ድምፁ ገና በጆሮአችን አለና። ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ ግን አንድ የማይጠቅም ቃል ከተጨመረ ያ ጥቅም ይጠፋል። የኋላው ድምፅ የፊተኛውን ጠረገው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከንባብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ኤሚል ዣቫል በ1870ዎቹ መጨረሻ እንደ ገለጸው፣ የሚያነብ ሰው ዓይን በመሥመሩ ላይ እንደ ውኃ አይፈስም፤ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል፤ በየቦታው የሴኮንድ ሩብ ያህል ይቆማል። በሚዘልበት ጊዜ ምንም የረባ ነገር አያይም፤ የሚያየው ሲቆም ነው። የለመደ አንባቢ በአንድ ቆይታው አንድ ቃል ያፍሳል። ጀማሪው ግን በአንዷ ፊደል ላይ ብዙ ሴኮንድ ይቆያል።

ልዩነቱ የዓይን አይደለም። የጀማሪውም የአዋቂውም እፍኝ ትንሽ ነው። ልዩነቱ ነዶ በማሠር ላይ ነው። የታጨደ ሰብል አንድ በአንድ በዘንግ ቢለቀም በእጅ የሚያዘው ጥቂት ነው፤ ነዶ ሆኖ ከታሠረ ግን ብዙው ዘንግ እንደ አንድ ሆኖ ይነሣል። «ማ-ዳ-በ-ሪ-ያ» ለጀማሪ አምስት ነገር ነው፤ እፍኙ ይሞላል፤ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያው ይፈሳል። ለለመደ አንባቢ ግን «ማዳበሪያ» አንድ ነዶ ነው። ጄምስ ካቴል የተባለ አሜሪካዊ በጀርመን አገር በላይፕሲክ ሲማር ይህን በ1880ዎቹ በሙከራ አሳይቷል። ለቅጽበት የታዩ ፊደላት የተበታተኑ ሲሆኑ ሰው የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ቃል ሲሠሩ ግን የሚይዘው ይበዛል። የለመዱትን አንድ ቃል ለማንበብም አንዲት ፊደል ለመጥራት ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

የኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አንድ ገበሬ ፀረ ተባይ ረጭቷል እንበል። በዕቃው ላይም «ይህ መድኃኒት የተረጨበትን ጎመን እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ አትብሉ» የሚል ተጽፏል እንበል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ «አትብሉ» ከሚለው ቃል ላይ «አት» የምትለዋ ናት። እሷም የተቀመጠችው መሥመሩ ካለቀ በኋላ ነው። ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ የመድኃኒቱ ነገር፣ የሁለት ሳምንቱ ነገር ከእፍኙ ፈስሷል። ፊደሉን ሁሉ ጠርቷል፤ መልእክቱን ግን አላገኘም። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በጤና ላይ ነው። በዕዳ ደረሰኝ ላይ ሲሆን በገንዘብ፣ በውል ላይ ሲሆን በመሬት ይመጣል።

ስለዚህ ፊደል መለየት የንባብ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ሔለን አባድዚ በ2006 በዓለም ባንክ በታተመ መጽሐፋቸው አንባቢ የሚያነበውን እንዲረዳ በደቂቃ ከ45 እስከ 60 ቃል ያህል ማንበብ እንዳለበት ጽፈዋል። የአማርኛ ቃል ረዘም ስለሚል ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አያሻም፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚደርሰው መጀመሪያው ሳይፈስ መሆን አለበት።

የጥንት አስተማሪዎቻችን ይህን በልምድ ደርሰውበት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን በዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳያይ እንዳይጠራ፣ አቡጊዳ ቅደም ተከተሉን ያፈርስበታል። ዓይኑ ከፊደሉ እንዳይስትም በስንደዶ ወይም በገለባ እያመለከተ ይቆጥራል። ንባብ ሲጀምርም ደረጃ አለው። በመጀመሪያ በግዕዝ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ሳይደናቀፍ በቁም ንባብ ያነባል። ያንኑ ገጽ ደግሞ ደጋግሞ የሚያነበው ነዶው እስኪታሠር ነው።

«ጭንቅላቴ አርጅቷል» ለምትሉ

በጎልማሳነት የጀመረ አእምሮ ንባብን ይቀበላልን? በ2010 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ደሃንና የሥራ ባልደረቦቹ ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት አሳተሙ። በብራዚልና በፖርቱጋል የሚኖሩ 63 ሰዎችን የአእምሮ ሥራ በመሣሪያ አዩ። ከነዚህ ውስጥ 10ሩ ማንበብ የማይችሉ፣ 22ቱ በጎልማሳነታቸው የተማሩ፣ 31ዱ ደግሞ በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። በአእምሮ የግራ ጎን ከበስተ ኋላ ጽሑፍ ሲታይ የሚነቃ አንድ ቦታ አለ። ይህ ቦታ ሰውየው ንባብ በቻለ መጠን ይበልጥ ይነቃል። በጎልማሳነታቸው በተማሩትም ላይ ይህ ለውጥ ታይቷል። ከዚህም በላይ ማንበብ መቻል አእምሮ የሚሰማውን ንግግር የሚቀበልበትን ሁኔታ ጭምር እንደሚለውጥ ታወቀ። የጎልማሳ አእምሮ እንደ ደረቀ ሸክላ አይደለም፤ ገና ይቦካል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የሰው ዓይን የቅርብ ነገር አጥርቶ ማየት ያቅተዋል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት «አይዘኝም» ሲሉ ፊደሉ ከመጀመሪያውም ጠርቶ አልታያቸው ይሆናል። ያልጠራ ሥዕል ደግሞ ከዓውድማው አይታፈስም። እንዲህ ላለው ችግር መድኃኒቱ መነጽር፣ ጎላ ያለ ፊደልና በቂ ብርሃን ነው እንጂ ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

ለአስተማሪና ለተማሪ

ከላይ ከተባለው ሁሉ ለሥራ የሚሆነውን እናውጣ።

አንደኛ፤ አስተማሪ ሆይ፣ በሰሌዳ ላይ የጻፍከውን ፊደል ቶሎ አታጥፋ። በቦታውም ላይ ወዲያው ሌላ አትጻፍበት። አዲሱ አሮጌውን ይደመስሰዋልና። ፊደሉ እንደ ታየ ይቆይ፤ ተማሪው ዓይኑን ከደብተሩ ሲያነሣ መልሶ ያግኘው።

ሁለተኛ፤ ቃል ጽሕፈት ስታስጽፍ ቃሉን ጥራና ዝም በል። «እሺ፣ ጻፉ፣ ፍጠኑ፣ ተሰማችሁ?» የሚለው ጭማሪ የተማሪውን ገደል ማሚቶ ይጠርገዋል። ሦስት አራት ሴኮንድ ዝምታ ብዙ ያግዛል።

ሦስተኛ፤ በአንድ ቀን ብዙ አዲስ ፊደል አታስቆጥር። ፊደላችን 33 በ7፣ በጠቅላላው 231 ነው። በቀን አራት አራት ቢያዝ 58 ቀን ይበቃል። ያውም የፊደላቱ ቤተሰብነት ሲታወቅ ሥራው ይቀላል፤ የካዕቡን ቅጥያ በአንዱ የለመደ በሌሎቹም ብዙውን ያውቀዋል።

አራተኛ፤ ተማሪ ሆይ፣ ፊደሉን ስታዪው ስሙን ጥሪው፤ ስትጠሪው ጻፊው። አንተም እንዲሁ። ዓይን፣ ጆሮና እጅ አንድ ላይ ሲሠሩ ከዓውድማው የሚታፈሰው ይበዛል።

አምስተኛ፤ ዛሬ የተማርከውን ዛሬ ማታ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መልሰህ እየው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንዳሳተመው የተማርነው በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። ጊዜ እየሰጡ መደጋገምም በአንድ ቀን ከመታጨቅ ይሻላል። አንድ ቀን በጎርፍ ከመጠጣት በየጊዜው የሚዘንብ ዝናብ ለሰብል እንደሚሻለው ማለት ነው።

ስድስተኛ፤ ዓረፍተ ነገሩን ቆጥረህ ከጨረስክ እዚያ አትቁም። ከመጀመሪያው ተነሥተህ እንደገና አንብበው፤ ሦስተኛም ድገመው። ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው አብሮህ ካለ ያን ጊዜ አነበብክ ይባላል። የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ደረሰኝ፣ የልጅ ደብተር ሁሉ መልመጃ ነው።

ሰባተኛ፤ የተሳሳተን ሰው አትሳቁበት። ሐሳቡ ወደ እፍረቱ የሄደ ሰው ፊደሉን ልብ አይልም፤ ልብ ያላለውንም አያፍሰውም።

አባቶች «ቃል ይረሳል፣ ጽሕፈት ይወረሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዓይን የሚይዘው ከአንድ ሴኮንድ በታች ነው፤ ጆሮ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሴኮንድ ነው፤ እፍኝም ከደቂቃ በፊት ይፈሳል። ሊቁም ያልተማረውም በዚህ እኩል ናቸው። የሰው ልጅ ጽሕፈትን የፈለገው ሊቆይ የማይችለውን ለማቆየት ነው። እንግዲህ ፊደሉ ዞር ሲሉ የሚጠፋባችሁ ወገኖች፣ የጠፋው ከዓይናችሁ ነው እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም። መጽሐፉ እዚያው አለ። ዞር በሉና እንደገና እዩት።